የኮምቦልቻ ባሕሮች

በ2072 ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ፣ በአራት ሺህ ሰባት መቶ ቤቶች ውስጥ ባሕር ነበር። አንዱ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ በዘምዘም ይመር ሳሎን፣ ቀድሞ ቡፌ ይቆምበት በነበረው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። የመስታወት ሣጥን ነው፤ ርዝመቱ ሦስት ክንድ፣ ከፍታው ክንድ ከስንዝር። በመስታወቱ ጥግ 3118 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል።

ዘምዘም እውነተኛውን ባሕር አይታው አታውቅም። እግሯ መቆም አልችል ብሎ ሥራ እስክታቆም ድረስ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሙሔ ጎማ ጠጋኝ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ሣጥኑ የታደላቸው በ2058 ነው። በዚያ ዘመን የቆላው ባሕር ሞቆ፣ ከባሕር ሥር ኖራማ ድንጋይ እየሠራ የሚያድገው ሕያው ፍጥረት፣ ኮራሉ፣ በየዳርቻው እየነጣ ሲሞት፣ ሳይሞት የተረፈው ቁራሽ ቁራሹ ተለቅሞ ወደ ደጋና ወደ ወይና ደጋ ወጣ፤ ቀዝቃዛ አየር ባለበት አገር ውሃን ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ማቆየት ይቀላልና። ያደለው መሥሪያ ቤት የባሕር አደራ ጽሕፈት ቤት ይባላል። ቃሉ አጭር ነበር። ባሕሩ እስኪድን ያዙልን፤ ሲድን እንመልሰዋለን።

ከዚያ በኋላ የሰው ኑሮ በሣጥኑ ዙሪያ ተስተካከለ። ዘምዘም ሱብሒ ሰግዳ እንደ ጨረሰች በቀጭን ብልቃጥ ውሃ ትቀዳና የመመርመሪያ ጠብታ ትጨምርበታለች፤ ቀለሙ ሲለወጥ በስልኳ አንሥታ ለጽሕፈት ቤቱ ትልካለች። ቀጥሎ በትነት የጎደለውን ትሞላለች። የምትሞላው በተጣራ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው አይተንምና። በመጀመሪያው ወር የጎደለውን በጨው ውሃ የሞሉ ብዙ ቤቶች ዓሦቻቸውን በዚሁ ገድለዋል። ባሕር ባለበት ቤት የተባይ መድኃኒት አይነፋም፤ ስለዚህ የከተማው ሰው ከበረሮ ጋር መኖር ለመደ። መብራት ሲጠፋ ቤቱ ይጨልማል እንጂ ሣጥኑ አይጨልምም፤ ለሣጥኑ የሚመጣው መስመር ሌላ ነው። ራት በሰማያዊ ብርሃን ይበላል። በዚያ ብርሃን ያደጉ ሕፃናት ወጥ ቀይ መሆኑን ያወቁት ትምህርት ቤት ገብተው ነው ይባላል። ባለ ሣጥን ከሁለት ሌሊት በላይ ከቤቱ አይለይም። ሠርግ የሚቆረጠው ውሃ የሚቀየርበት ቀን ታይቶ ነው።

ሰፈሩን የምትከታተለው ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ውባለም ትባላለች። ሥራ ስትጀምር የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ረቡዕ ረቡዕ ቦርሳዋን አንግታ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ መስታወቱን በባትሪ ታያለች፣ ትመዘግባለች፣ ትመክራለች።

በሦስተኛው ዓመት የዘምዘም ኮራሎች ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቡናማ ትል ተጣበቀ። ውባለም አየችውና ትሉን የሚበላ ዓሣ ያስፈልጋል ብላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የዓሣ ማደያ ወሰደቻት። ለዚህ ሥራ የሚታደለው ዓሣ በባሕር ማዶ ሰዎች አፍ ስሙ «ራስ» ነው። የኮምቦልቻ ሰው በስሙ ሲስቅ ከረመ፤ ኋላ ግን ለሁሉም ዓይነት እኩል ማዕረግ መስጠቱን አልወደደውም። ስድስት መስመር ያለበትን፣ ጣት የሚያህለውን፣ ማልዶ ተነሥቶ ትል ሲያድን የሚውለውን ፊታውራሪ አለው። ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚንጎራደደውን ቀዩን ደጃዝማች አለው። ነጠብጣቡን ባላምባራስ አለው።

ሁሉም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ፊታውራሪ ትሉን በሳምንት ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ የሚገባውን ሁሉ እያሳደደ ክንፉን ይቦጫጭቃል። ደጃዝማች ሰላማዊ ነው፤ ሲደነግጥ ግን ከውሃው ይዘላል፣ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ ይገኛል። ባላምባራስ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ እየለቀመ ካልበላ ይከሳል፤ ከሚታደሉት ግማሾቹ ወር አይደርሱም። ውባለም ፊታውራሪን እንድትወስድ መከረቻት፤ አብዛኛው ሰው የሚወስደውም እሱን ነበር። ዘምዘም ግን ከማደያው መስታወት ፊት ብዙ ቆመች። ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሦስቱ ሆዳቸው ገብቷል። አንዷ ግን ሰው እየተመለከታት እንኳ ድንጋዩን መልቀሟን አላቆመችም። ዘምዘም በቤቴ የሚደባደብ አልፈልግም አለችና እሷን ወሰደች።

ሙሔ ዓሣዋ በመስታወቱ ላይ የጀመረውን አረንጓዴ ትበላልን እንደሆነ ጠየቀ። ውባለም ሳቀች። ራስ አልጌ አይበላም፤ አልጌ የሚጠፋው ምግቡ ሲቀንስበት ብቻ ነው፣ ምግቡ ደግሞ የእናንተ ቸርነት ነው አለችው። ሙሔ አልሰማትም። ዓሦች መስታወቱ ጥግ ተሰብስበው ዓይን ዓይኑን ሲያዩት አንጀቱ አይችልም ነበርና ዘምዘም ዞር ባለች ቁጥር ምግብ ይበትንላቸዋል።

መዘዙ በ2063 መጣ። ግማሹ ጥፋት የሙሔ ነው፤ ግማሹ በስድስት ወር መቀየር የነበረበትን የውሃ ማጣሪያ አሥራ አንድ ወር ያዘገየው የጽሕፈት ቤቱ ነው። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ቡናማ ትቢያ ታየ። ከዚያ ድንጋዩ ለጋ ሣር ያበቀለ መሰለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሣሩ የጣት ርዝመት ያለው ጠጉር ሆነ። የሰፈሩ ሰው «ጠጉር» የሚለው ይህን አልጌ ነው። የኮራሉን አፍ ይሸፍናል፤ ብርሃን ይከለክለዋል፤ ከሥር ሆኖ ያፍነዋል።

ዘምዘም በአንድ እጇ የጥርስ ብሩሽ፣ በአንድ እጇ ቀጭን ቱቦ ይዛ በቀን ሦስት ሰዓት ትፍቅ ጀመር። የፋቀችውን ወዲያው በቱቦ ትስበዋለች፤ ካመለጠ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ሣጥኑን ሦስት ቀን በጋቢ ሸፈነችው። ቀንድ አውጣ አስገባች። የዓሦቹን ምግብ በሳምንት ሦስቴ አደረገች፤ ለባላምባራሷ ብቻ በጠብታ መስጫ ለብቻዋ ትሰጣታለች። ቀኝ እጇ ከጨዉ የተነሣ ተላጠ።

በአራተኛው ሳምንት ወንድሟ ከወረኢሉ ደወለ። እናታቸው ሐሊማ ደክማለች፤ ስምሽን እየጠራች ነው አላት። ዘምዘም የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቀች። ሙሔ እንዳይተካት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሹን ቢይዝ ኮራሉን ይሰብረዋል። ተተኪ ጠባቂ በዚያ ሰሞን አልተገኘም፤ ጠጉሩ ከተማውን ሁሉ ይዞት ነበርና። ውባለም ስልክ ደዋውላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ዘምዘም፣ አሁን ቢሄዱ ሣጥኑ ይሞታል» አለቻት። «ይኼ ሐምራዊ ኮራል ከእርስዎ ሌላ ያለው ሁለት ቤት ብቻ ነው። እኔ ይሂዱ ለማለት ሥልጣን የለኝም።»

ዘምዘም ቀረች። ማንም በገመድ አላሰራትም። ራሷ ናት የቀረችው። እናቷ ሐሙስ ጠዋት ሞተች፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ዘምዘም ለሰደቃው ደረሰች፣ አንድ ሌሊት አደረች፣ ተመለሰች። በተመለሰች በማግስቱ ከጠጉሩ ሥር የሐምራዊው ኮራል ጫፍ ብቅ ብሎ አየች። ለሙሔ፣ ይህ ድንጋይ እናቴን አስከፍሎኛል አለችው። ያን ነገር ሁለተኛ አንሥታው አታውቅም።

ሣጥኑ ከዚያ ወዲህ አማረ። ሁለት ተጨማሪ ባላምባራሶች ተሰጧት። በ2066 የመጀመሪያዋና ትልቋ ቀለሟ ከነጭና ጥቁር ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ የዚህ ዓሣ ትልቋ ሴት ወደ ወንድ ትለወጣለችና በሁለት ወር ውስጥ ወንድ ሆነች። ሙሔ ይህን ለጎረቤት ለመንገር ሳምንት አፈረ። ውባለም ግን ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወንድ ከተገኘ እንቁላል አለ ማለት ነውና። በደጋው ሁሉ ባላምባራስ ያራቡ ቤቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሌላ አውራጃ የሚመጡ ጎብኚዎች ጫማቸውን አውልቀው በዘምዘም ሳሎን ቆመው ያዩ ነበር።

በሚያዝያ 2072 ጽሕፈት ቤቱ መልእክት ላከ። ባሕሩ ሊቀበል ነው፤ የመልስ ቀን ደረሰ ይላል። በመጀመሪያው ዙር የሚሄዱት ሣጥናቸው የተመሰገነ ስድሳ ቤቶች ነበሩ። ቃሉ ለሰው ሠርግ ሠርግ አለው። ሴቶቹ ሹሩባ ተሠሩ። ዘምዘም አዲስ ቀሚስ አሰፋች። መስታወቱ ቤት ይቀራል፤ ኮራሉና ዓሣው ብቻ ባትሪ ባለው የማመላለሻ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ሙሔ የቆላ ሙቀት ትንፋሹን ስለሚቆርጠው አብሮ መሄድ አልቻለም። በሩ ላይ ቆሞ ዕቃውን በመዳፉ ነካ አድርጎ ወደ ቤት ገባ።

አውቶቡሶቹ በባቲ ወርደው፣ በሚሌ አልፈው ሰመራ አደሩ። በማግስቱ በጠዋት ጋላፊን ተሻገሩ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ስሙ ያልተነገራቸው ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ መስኮት የሌለው ረጅም ነጭ አዳራሽ ደጃፍ ቆሙ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ቴምርና ውሃ ተሰጣቸው። ዕቃዎቹ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው በአንድ በር ገቡ። ዘምዘም በቀረበላት ስክሪን ላይ በጣቷ ፈረመች። ተቀባዩ ሰው ኅሩይ ይባላል፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እያንዳንዷን ሴት በስሟ የሚጠራ ሰው ነው። መቼ ወደ ውሃው እንደሚገባ ጠየቀችው። የእርስዎ ድርሻ እዚህ ላይ ተፈጽሟል፣ እናመሰግናለን አላት። ጠላቂዎች ይወስዱት ይሆናል ብላ አሰበች።

ከመመለሷ በፊት ባሕሩን ማየት ፈለገች። ሰዎቹን አጅባ የመጣችው ውባለምም በሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ሁለቱ በአዳራሹ ጀርባ ባለች ትንሽ በር ወጡ።

ዘምዘም መጀመሪያ ያሰበችው አቅጣጫ እንደ ሳቱ ነው። ፊታቸው ያለው ሜዳ ነበር። እስከ ሰማይ ዳርቻ ድረስ አረንጓዴ፤ ዛፍ የሌለው፣ ድንጋይ የሌለው፣ አንድ ወጥ አረንጓዴ። ማዕበል የለም። የማዕበል ድምፅም የለም። በላዩ ላይ ረጃጅም ክንድ ያላቸው ማጨጃዎች በዝግታ ይሄዳሉ። ጥቂት ቆማ ስታይ ሜዳው ሲያብጥና ሲሰጥም አየችው። መሬት አያብጥም። ያን ጊዜ ውሃ መሆኑ ገባት።

ዳር ድረስ ወርዳ ተንበረከከች። እጇን ሰድዳ አንድ ጭብጥ ነቀለች። የጣት ርዝመት አለው፤ ያሙለጨልጫል፤ በመዳፏ ላይ ይጠቀለላል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። በ2063 ከጥፍሯ ሥር ስታወጣው የከረመችው ሽታ ነው።

«ይኼ እኮ ጠጉር ነው» አለች ውባለም ከኋላዋ።

የጎማ ቦቲ የተጫማች አንዲት ሠራተኛ የታጨደውን ወደ ቀበቶ ማጓጓዣ እየገፋች ስታልፍ ውባለም አስቆመቻት፤ ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የቀለደችባት መስሏት ፈገግ አለች። ዱቄት ነው አለች። አገሩ ከአሥር ዓመት ወዲህ በየዳቦው የሚቀላቅለው፣ «ብርታት» የሚባለው ዱቄት ከዚህ ነው የሚወጣው። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ የበሉት ዳቦም ውስጥ አለ። ከአዳራሹ ጎን ያለው ግራጫ ቤት የሚያሰማው ጩኸት ምን እንደሆነም ጠየቁ። ወፍጮ ነው አለች። ውሃው ይኮመጥጣል፣ ኖራ ካልተሰጠው ጠጉሩ አያድግም፤ ነጭ ድንጋይ ፈጭተው በቱቦ ይለቁበታል።

ዘምዘም ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች።

«ከደጋ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬ ስድሳ ዕቃ ገብቷል።»

ዘምዘም እግሯ የማይችለውን ሩጫ ሮጠች። በትንሿ በር ገባች፣ አዳራሹን አለፈች፣ ዕቃዎቹ የገቡበትን በር ገፋች። የከለከላት ሰው የለም። ውስጡ ንጹሕ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ቆመዋል። ከእያንዳንዱ ኮራል የጥፍር ያህል ቆርጠው በትንሽ ብልቃጥ ያስቀምጣሉ፤ ብልቃጡ ወደ ማቀዝቀዣ ይሄዳል። የቀረው ቀበቶው ላይ ይጣላል። የ3118 ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል። ሐምራዊው ኮራል ቀበቶው ላይ የለም። ቀበቶው በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ግራጫው ቤት ይገባል። ዘምዘም ቀዳዳውን አየች።

ኅሩይ በዝግታ መጣ። ወንበር አስመጣላት፤ አልተቀመጠችም። የኮራሎቹ ዘር በብልቃጡ ውስጥ ለትውልድ እንደሚቀመጥ፣ ስሟም አብሮ እንደሚጻፍ ነገራት። ይህን ሲናገር አልተጣደፈም። ባሕሩ ለዱቄት የተመደበበትን ውሳኔ ውባለም አሳየን ብትለው ከስልኩ አውጥቶ አሳየ፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ቀኑ ጥቅምት 12፣ 2062 ይላል።

ዘምዘም ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናቷ የሞተችው በ2063 ነው። ጠጉሩን በጥርስ ብሩሽ ስትፍቅ፣ ወንድሟ ሲደውል፣ ፈቃድ ስትከለከል፣ ይህ ሜዳ ተዘርቶ ነበር።

«አሥር ዓመት ዋሻችሁን» አለች ውባለም።

«ማንም አልዋሸም» አለ ኅሩይ። «ማንም አልነገረም እንጂ። ሣጥኖቹ ብዙ ሰው ሥራ አስይዘው በሰላም አኑረውት ነበር። አቁሙ ለማለት ምክንያት የሚጽፍ አልተገኘም።»

ከጠረጴዛው ሥር ነጭ ገንዳ ነበር። ዓሦቹ በዚያ ውስጥ ተቀላቅለዋል፤ ውሃው እየሞቀ ስለሆነ አንዳንዱ ተገልብጧል። ዘምዘም ተንበረከከች። ሦስቱን ባላምባራሶች ከዚያ ሁሉ መካከል ለየቻቸው። ባዶውን የ3118 ዕቃ ወስዳ ውሃ ቀዳችበትና በእጇ አንድ በአንድ አስገባቻቸው። ኅሩይ ዝርዝሩን ተመለከተ።

«ዓሣውን ከፈለጉ ይውሰዱ» አለ። «ዓሣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።»

ወደ ኮምቦልቻ በተመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ከስድሳው ቤት ሰዎች ገሚሱ ከአዳራሹ የተሰጣቸውን የምስጋና ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጨዋወቱ ነበር። ያላዩ ናቸው። ዘምዘም ዕቃውን በጭኗ አቅፋ ተቀምጣለች። ሾፌሩ የሆነውን ከውባለም ሲሰማ ሰመራ ሳያድር ለመንዳት ተስማማ። ሚሌ ላይ ባትሪው ደከመ። ባቲ ከአንድ ጭማቂ ቤት በረዶ ለምነው በዕቃው ዙሪያ ጠቀጠቁበት። ውባለም መንገዱን ሁሉ ከዘምዘም ወንበር ጎን መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብላ ክዳኑን ይዛለች።

ሙሔ በስልክ ሰምቶ ኖሮ ደጅ ጠበቃቸው። ቤት ያለው መስታወት ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ስለዚህ ዓሦቹን ለጎረቤታቸው ለእማዋይሽ ወሰዱ፤ እሷ ገና አልተጠራችም። የእሷ ሣጥን ግን ፊታውራሪ ያለበት ነው፤ እንግዳ ቢገባ ያደማል። እማዋይሽ ምንም ሳትጠይቅ ቂጡ የተበሳሳ የፕላስቲክ ጣሳ አመጣች። ፊታውራሪዋን አጥምዳ በጣሳው ውስጥ አድርጋ እዚያው ውሃ ውስጥ አንጠለጠለችው። ሦስቱ ባላምባራሶች ገቡ። አንዷ ሴት በማግስቱ ሞተች። ሁለቱ ኖሩ።

ዘምዘም ለዘጠኝ ቀን አልተናገረችም። ጠዋት ሱብሒ ትሰግዳለች፤ ተነሥታ ብልቃጧን ትይዛለች፤ ከደረቀው መስታወት ፊት ትንበረከካለች። ውሃ ወደነበረበት ብልቃጡን ትሰድዳለች፤ ባዶውን ትመልሰዋለች፤ ጠብታውን ትጨምራለች። ቀለሙ እስኪለወጥ ትጠብቃለች። ሙሔ በመጀመሪያው ቀን ሊያስነሣት ሞከረ፤ አየችውና አላወቀችውም። ከዚያ ወዲያ አጠገቧ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ዳቦ ሲያቀርብላት አፏን ትይዛለች።

አሥረኛው ቀን እሑድ ነበር። በቀበሌው አዳራሽ ስለ ሁለተኛው ዙር ስብሰባ ተጠራ። ዘምዘም ነጠላዋን ደርባ ሄደች፣ እጇን አወጣች፣ ያየችውን ተናገረች። ሜዳውን፣ ወፍጮውን፣ ቀኑን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አዳራሹ ውስጥ የጮኸ የለም። አንድ ሽማግሌ ሌላ ዳርቻ አሳይተዋት ይሆናል አሉ። አንዲት ሴት፣ ቢሆንም እኔ ዛሬ ውሃ የምቀይርበት ቀን ነው ብላ ተነሥታ ወጣች። ሌሎችም ተከተሏት። ከተጠሩት ሁለት መቶ ቤቶች መቶ አርባው በቀጠሮው ቀን አውቶቡስ ገቡ። ከፊሎቹ አላመኗትም፤ ከፊሎቹ አምነዋት ነገር ግን ደክሟቸው ነበር። ሲመለሱ ለብዙ ቀን መስኮታቸውን አልከፈቱም።

ያልሄዱት ስድሳ ቤቶች ለሣጥን የሚመጣው ልዩ መስመር ተቆረጠባቸው። ክረምቱ ከባድ ነበር። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከላይ ወደ ታች በማንቆርቆር አየር ሰጡት፤ በፈረቃ። ጎማ ጠጋኙ ሙሔ አሮጌ የመኪና ባትሪዎች ሰብስቦ ከፀሐይ መብራት ጋር አገናኛቸው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሽቦውን የምታስርለት እማዋይሽ ናት። ጠጉር ያልበቀለበት ሣጥን አልነበረም። በኅዳር ከስድሳው ሠላሳ ሰባት ሣጥን ቀረ። ሠላሳ ስምንተኛው እንደገና የቆመው 3118 ነው፤ ውሃው ከዘጠኝ ቤት በጀሪካን የተዋጣ ነው፣ ኮራሉ ከየጎረቤቱ የተሰበረ ቁራሽ ነው። ሐምራዊ የለውም።

ውባለም ከቆላ በተመለሰች ሳምንት ሥራዋን ትታ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ነበር። በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቦርሳም የደንብ ልብስም አልነበራትም፤ ከስታለች። ሙሔ በሩን ከፍቶ አስገባትና ወጣ። ዘምዘም ከሣጥኑ ፊት ቆማ ቁራሽ ኮራሎችን ከድንጋይ ጋር ታጣብቃለች። አልዞረችም።

ውባለም ሳትቀመጥ ተናገረች። የዘምዘም እናት በደከመች ጊዜ ይሂዱ ማለት ትችል እንደነበር፣ ከሥራ ቢያባርሯትም ማለት ትችል እንደነበር፣ ያልቻለችው ስለ ፈራች መሆኑን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ይቅር ይበሉኝ አላለችም።

ዘምዘም በእጇ የያዘችውን ቁራሽ አጣበቀች። አረንጓዴው ባላምባራስ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ ብሎ ሁለቱን ሴቶች አየና መልቀሙን ቀጠለ።

«እንግዲህ እንዲህ ይዘን የት ልንመልሰው ነው?» አለች ውባለም።

«እንጃ» አለች ዘምዘም። «እጅጌሽን ሰብስቢ። ድንጋዩን ያዥልኝ።»

ውባለም እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክንዷን እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ከተተች።